በሳሎናችን የተንጠለጠለው ሐረግ እና ድመቶቻችን፦ ስለ ፖቶስ ተክል ማወቅ ያለብን



በብዙዎቻችን ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌው ላይ ወይም መስኮቱ አጠገብ፣ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው፣ አረንጓዴው ላይ ቢጫ ቀለም የተረጨበት የሚመስል ሐረግ አለ። በአንዳንድ ቤት በክርና በምስማር ተይዞ ግድግዳውን ይዞራል፤ በሌላው ቤት ከመደርደሪያ ላይ እስከ ወለል ይወርዳል። «መኒ ፕላንት» የሚሉት ብዙ ናቸው፤ «ፖቶስ» የሚሉትም አሉ። ከጎረቤት አንድ ቁራጭ ተቀብሎ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ማብቀል ስለሚቻል፣ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣበት ከቤት ወደ ቤት የሚተላለፍ ተክል ነው።

በዚያው ሳሎን ውስጥ ብዙ ጊዜ ድመት አለች። በግቢው ውሻ ይኖራል፤ ምንጣፉ ላይ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚወስድ ሕፃን ይድሃል። ፖቶስ ለመንከባከብ እጅግ ቀላል የሆነውን ያህል፣ ለእነዚህ ሁሉ አፍ የማይሆን ተክል ነው። ይህን ሳያውቅ ቤቱ ያስገባው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ዛሬ አያያዙን፣ ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ፣ እንስሳው ከበላው ምን ማድረግና ምን አለማድረግ እንዳለብን በቅደም ተከተል እናያለን ኢንሻአላህ።

ጉዳዩ እንደ ሙስሊም ለምን ይመለከተናል?

«ስለ ድመትና ስለ አበባ ይህን ያህል ምን ያስወራል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ሆኖም በዲናችን ሁለቱም ቦታ ያላቸው ጉዳዮች ናቸው።

በአቡ ዳውድ፣ በቲርሚዚና በሌሎችም የሐዲሥ ስብስቦች እንደተዘገበው፣ ሶሐባው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዉዱእ ሊያደርጉ በተዘጋጀላቸው ውሃ ላይ ድመት መጥታ ልትጠጣ ስትል ዕቃውን አዘንብለውላታል። ነገሩ ላስገረማት ለልጃቸው ሚስት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በዙሪያችን ከሚመላለሱት መሆኗን መናገራቸውን ነገሯት። ድመት በሙስሊም ቤት ውስጥ እንደ ልቧ የምትንቀሳቀሰው በዚህ ምክንያት ነው። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን፣ ድመት አስራ ሳታበላም ሳትለቅም በረሃብ የገደለችውን ሴት ታሪክ ደግሞ የማያውቅ የለም። ከዚህ የምንረዳው፣ በራችንን ዘግተን ያኖርናት እንስሳ ደህንነት እኛው ላይ እንደሆነ ነው። ሜዳ ላይ ያለች ድመት የምትበላውን ራሷ ትመርጣለች፤ ቤት የተዘጋባት ግን እኛ ባስቀመጥንላት ነገር መካከል ነው የምትኖረው።

ተክልን በተመለከተም፣ ሙስሊም ከተከለው ነገር ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት በሶሒሕ ሐዲሥ ተዘግቧል። እንግዲህ ተክላችን በቅርቡ ላለ ፍጡር ጥቅም እንዲሆን የምንመኝ ከሆነ፣ ጉዳት እንዳይሆን መጠንቀቅ የዚያው አካል ነው። ጉዳት መወገድ አለበት የሚለው የፊቅህ መርህም ከቤታችን ሳሎን ይጀምራል።

ተክሉ ምንድን ነው?

የፖቶስ ሳይንሳዊ ስም ኤፒፕሬምነም ኦሪየም ነው። መገኛው በደቡብ ፓስፊክ ውቅያኖስ የምትገኘው የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ደሴት ሞኦሪያ ናት። በዚያ በዱር ሲያድግ ትልልቅ ዛፎችን ተጠላልፎ እስከ 20 ሜትር ይወጣል፤ ቅጠሉም ከእኛ ቤቱ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። ቤት ውስጥ ወደ ታች ሲንጠለጠል ግን ቅጠሉ ትንሽ እንደሆነ ይቆያል። በእንግሊዝኛ ካሉት ስሞች አንዱ «የሰይጣን ሐረግ» እንደማለት ነው፤ ጨለማ ውስጥም ቢቀመጥ፣ ውሃም ቢረሳ በቀላሉ አይሞትምና።

«መኒ ፕላንት» የሚለው ስም ደግሞ በእስያ ካለ እምነት ጋር የተያያዘ ነው፤ ተክሉ በገባበት ቤት ገንዘብ ይገባል ይባላል። ስሙን እንደ ስም መጥራቱ ችግር የለውም። ነገር ግን ሪዝቅን የሚያሰፋውም የሚያጠበውም አላህ (ሱ.ወ) ብቻ ነው። ሐረጉ ስለረዘመ ሀብት ይመጣል፣ ስለደረቀ ድህነት ይገባል ብሎ ማሰብ ከዐቂዳችን ጋር አይሄድም። ቢደርቅ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ውሃ መብዛቱ ነው።

አየር ያጸዳል የሚለውም ወሬ በልኩ መያዝ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ ያሳተመው ጥናት፣ አንዳንድ ተክሎች በታሸገ ሣጥን ውስጥ የተወሰኑ ጎጂ ጋዞችን እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ሳሎናችን ግን በርና መስኮት ያለው ቤት እንጂ የታሸገ ሣጥን አይደለም። ንጹሕ አየር የፈለገ ሰው መስኮቱን ቢከፍት ይሻለዋል። ፖቶስን የምናስቀምጠው ለዓይን ስለሚያምር ነው፤ ያም በቂ ምክንያት ነው።

አያያዙ

*ብርሃን።* ፖቶስ ብሩህ ብርሃን ይወዳል፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ግን ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ከመስኮት ራቅ ብሎ ወይም ከስስ መጋረጃ ጀርባ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥም ይኖራል፤ ነገር ግን ቢጫው ዝንጉርጉር እየጠፋ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ይሆናል፣ በቅጠሎቹ መካከል ያለው ርቀትም ይሰፋል።

*ውሃ።* ይህን ተክል ከውሃ ጥም ይልቅ የሚገድለው የውሃ ብዛት ነው። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት። ቅጠሉ ሲጠወልግ ውሃ ፈልጓል ማለት ነው፤ ከጠጣ በኋላ ቀና ይላል። ቢጫ እየሆነ ሲረግፍና አፈሩም ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ግን ሥሩ መበስበስ ጀምሯል። በአዲስ አበባ ክረምት ፀሐዩ ሲቀንስና ብርዱ ሲበረታ አፈሩ ቶሎ ስለማይደርቅ የማጠጫውን ቀን አራርቁ። ሳሙና ያልነካው የዉዱእ ውሃ ለማጠጣት ይሆናል።

*አፈርና ጣሳ።* የአበባው ጣሳ ከሥሩ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ጥቁር መረሬ አፈር ብቻውን ውሃ ስለሚይዝ ሥሩን ያፍነዋል፤ በአሸዋና በደንብ በበሰበሰ ፍግ ቢደባለቅ ውሃው ቶሎ ይወርዳል።

*ሙቀት።* ከ18 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይስማማዋል። በደጋ አካባቢ ሌሊት በረንዳ ላይ ባይተው ይመረጣል። በጅዳ፣ በሪያድ፣ በዱባይ ወይም በሌላ የባሕረ ሰላጤው ከተማ የምትኖሩ ደግሞ የአየር ማቀዝቀዣው ነፋስ በቀጥታ ከሚመታው ቦታ አርቁት፤ የቅጠሉን ጫፍ ያደርቀዋል።

*ማባዛት።* ግንዱ ላይ ቅጠሉ በሚወጣበት ቦታ አንጓ አለ፤ ከአንጓው ሥር ትንሽ ቡናማ ጉጥ ይታያል። ሥር የሚወጣው ከዚያ ነው። ከአንጓው በታች ቆርጣችሁ አንጓው ውሃ ውስጥ እንዲገባ አድርጉ፤ ውሃውን በየሳምንቱ ቀይሩ። ብዙውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት ሥር ይታያል። ቅጠል ብቻውን ያለ አንጓ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ግን አዲስ ተክል አይሆንም።

*መግረዝ።* ሐረጉ ሲረዝም መቁረጥ አይጎዳውም፤ እንዲያውም ከላይ እንዲበዛ ያደርገዋል። የቆረጣችሁትን ግን ግቢ ውስጥ አትጣሉ። ለዐረፋ የታሰረ በግ ወይም ፍየል ሊበላው ይችላል። በተጨማሪም ይህ ተክል በሞቃትና እርጥብ አገሮች ከቤት ወጥቶ ወራሪ አረም እስከመሆን ደርሷል፤ ስሪላንካና ሃዋይ ከእነዚህ መካከል ናቸው።

ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

ይህን ለመረዳት ጎደሬን ማሰብ በቂ ነው። በወላይታ፣ በጅማ ወይም በሌላ ጎደሬ በሚበቅልበት አካባቢ ያደገ ሰው፣ ጎደሬ ጥሬውን ወይም በደንብ ሳይበስል ከተበላ አፍና ጉሮሮን እንደሚያሳክክና እንደሚያቃጥል ያውቃል። ፖቶስና ጎደሬ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ሁለቱም በሕዋሶቻቸው ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የተባለ፣ በውሃ የማይሟሟ ክሪስታል ይይዛሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የተደረደረ መርፌ ይመስላል። ቅጠሉ ሲታኘክ እነዚህ መርፌዎች ተፈናጥረው ምላስን፣ ድድንና ጉሮሮን ይወጋሉ። የጎደሬን በሚገባ መቀቀል ይቀንሰዋል፤ የፖቶስን ግን ቀቅሎ የሚበላ የለም፤ እንስሳው የሚያገኘው ጥሬውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1866 የተመሠረተው የአሜሪካው እንስሳትን ከጭካኔ የሚከላከል ማኅበር ፖቶስን ለድመትም ለውሻም መርዛማ ከሆኑ ተክሎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። «መርዛማ» የሚለው ቃል ግን በልኩ ይወሰድ። በአብዛኛው ጉዳቱ አፍና ጉሮሮ ላይ ያለ ሕመም ነው፤ ሞት የሚያደርሰው እጅግ አልፎ አልፎ፣ እብጠቱ የመተንፈሻ መንገድን ሲዘጋ ነው። ቅጠሉ ገና ሲታኘክ ስለሚያቃጥል ብዙዎቹ እንስሳት ሁለተኛ ጉርሻ አይወስዱም። ይህም ከአላህ እዝነት ነው።

ምልክቶቹ

ምልክቱ ለሰዓታት አይዘገይም፤ ብዙ ጊዜ ወዲያው ወይም በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል፦

- ለሃጭ መዝረብረብ
- አፍን በመዳፍ ማሸት፣ ራስን መነቅነቅ
- የከንፈርና የምላስ ማበጥ ወይም መቅላት
- ማስታወክ
- ለመዋጥ መቸገር፣ ምግብ አለመፈለግ

በተለይ ድመት መናገር አትችልምና ለሃጯን ስታዝረበርብ «ዓሣ አሽትታ ነው» ብሎ ማለፍ ይኖራል። አጠገቧ የተነከሰ ቅጠል እንዳለ ተመልከቱ።

ምን እናድርግ?

1. አፏ ውስጥ የቀረ ቅጠል ካለ በጥንቃቄ አውጡ። የታመመች ድመት የምታውቀውንም ሰው ልትነክስ ስለምትችል በፎጣ ጠቅልላችሁ ያዟት።
2. በንጹሕ ውሃ በራሰ ለስላሳ ጨርቅ ምላሷንና ድዷን ጥረጉ።
3. ቀዝቃዛ ውሃ አቅርቡላት። ትንሽ ወተት ወይም እርጎ ማቃጠሉን ሊያስታግስላት ይችላል፤ ሆኖም ራሷ ትላሰው እንጂ በጉሮሮዋ አታፍስሱ።
4. ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ከገባ፣ የሰውም ይሁን የእንስሳ፣ ለ15 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውሃ እጠቡ።
5. አተነፋፈሷን ተከታተሉ። መተንፈስ ካስቸገራት፣ እብጠቱ ከጨመረ ወይም ደጋግማ ካስታወከች ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። አንድ ሙሉ ቀን ምግብ ካልቀመሰችም እንዲሁ፤ ድመት ለቀናት ካልበላች ጉበቷ ይጎዳል።

የእንስሳት ሐኪም ለከብት ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሊቀር ይገባል። በየወረዳው ያሉ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ስለ ድመትና ውሻም ይጠየቃሉ፤ በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ያስተምራል፣ ያክማል። ስትሄዱ የተክሉን ቅጠል ወይም ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ።

ምን አናድርግ?

*እንድታስታውክ አናስገድድ።* የጨው ውሃ መጋትም ሆነ ጣት ማስገባት የተወጋውን ጉሮሮ ሁለተኛ ማቁሰል ነው። ጨው ሲበዛ ራሱ ይመርዛል።

*ዘይት አንጋት።* በግድ የተጋተ ዘይት ወደ ሳንባ ሊገባና የከፋ ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

*የሰው መድኃኒት አንስጥ።* ይህን በደንብ ያዙልን፦ ፓራሲታሞል ለድመት ገዳይ ነው። ሰውነቷ መድኃኒቱን የሚሰባብርበት መንገድ የላትም፤ አንድ ፍሬ ብቻ ሊገድላት ይችላል። ሐረጉ ያላጠፋትን ድመት ለማዳን ብለን በሰጠናት ክኒን እንዳናጣት።

ሕፃን ልጅ ቢያኝከው ደግሞ አፉን በውሃ አጥባችሁ ቀዝቃዛ ነገር ስጡት። የሚያብጥ፣ የሚያቅተው መተንፈስ ወይም መዋጥ ከሆነ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

መከላከሉ

ድመት ወደ ሐረግ የምትሄደው ክፉ ስለሆነች አይደለም። የሚወዛወዝ ነገር ማደን ተፈጥሮዋ ነው፤ ቅጠል ማኘክም እንዲሁ። የተንጠለጠለ ተክል ሁለቱንም ይጠራል። ስለዚህ ከመቆጣት ይልቅ ቤቱን ማስተካከል ይቀላል።

*ከፍታ ብቻውን አይበቃም።* ጤነኛ ድመት እስከ 1.5 ሜትር ገደማ በአንድ ዝላይ ትወጣለች። ፍሪጅ ላይ ወይም ቡፌ ላይ ማስቀመጥ ለእሷ ደረጃ ነው። ከጣሪያ በሜንጦ ማንጠልጠል፣ አጠገቡም መረማመጃ የሚሆን ሶፋ ወይም ወንበር አለማስቀመጥ የተሻለ ነው።

*ወደ ታች ከመልቀቅ ወደ ላይ መምራት።* ሐረጉን በመጋረጃው ዘንግ ወይም በክር ወደ ላይና ወደ ጎን ብትመሩት የሚወዛወዝ ጫፍ አይኖርም። በሞቃት ቦታ በወር እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ስለሚችል በየወሩ ተመልከቱት፤ የወረደውን ግረዙ፣ የረገፈውን ከምንጣፉ ላይ አንሱ።

*የራሷን ሣር ስጧት።* ገብስ ወይም ስንዴ በአንድ ጣሳ ዝሩላት። በሳምንት አካባቢ ይበቅላል፤ ያለ ምንም ጉዳት ታኝከዋለች። አንድ እፍኝ ገብስ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል፤ ከላይ ያነሳነው የሰደቃ ሐዲሥም እዚህ ላይ ቃል በቃል ይፈጸማል።

*ድመቷ ካላቆመች ተክሉን ስጡ።* ድመት ለሌለው፣ ሕፃን ለሌለው ዘመድ መስጠት ይቻላል፤ ስትሰጡም ነገሩን ንገሩት።

በሰው አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችንም ይህን ያዙልን። የአሠሪዎቻችሁ ድመትና ተክል በእናንተ እጅ ከሆኑ፣ ድመቷ ስትታመም ጥያቄው ወደ እናንተ መምጣቱ አይቀርም። ተክሉ ለድመት እንደማይሆን አስቀድማችሁ ለባለቤቶቹ መናገር ለእንስሳዋም ለእናንተም ጥበቃ ነው።

ከፖቶስ የባሱ፣ ከፖቶስ የተሻሉ

ፊሎዴንድረን፣ ሞንስቴራ እና ዲፈንባኪያ የፖቶስ ዘመዶች ናቸው፤ ጉዳታቸውም በዚያው መንገድ ነው። ከእነዚህ እጅግ የባሱ ግን አሉ። በእቅፍ አበባ ውስጥ የሚመጣው ሊሊ ለድመት ኩላሊት አጥፊ ነው፤ ጸጉሯ ላይ የረገፈውን ብናኝ መላስ ወይም አበባው የተቀመጠበትን ውሃ መጠጣት ብቻ ሊገድላት ይችላል። ድመት ያለበት ቤት ሊሊ አይግባ። የእንዳሁላ ዘመድ የሆነው ካላንቾና በየመንገዱ ዳር የሚተከለው ኦሊያንደር ልብን ይጎዳሉ። በግቢ የሚበቅለው የጉሎ ፍሬም ለሰውም ለእንስሳም ብርቱ መርዝ ነው። በእነዚህ ጊዜ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ነው።

የሚንጠለጠል ነገር ከፈለጋችሁ ስፓይደር ፕላንት ጥሩ ምትክ ነው። መገኛው አፍሪካ ነው፤ ረጃጅም ነጭና አረንጓዴ ቅጠል አለው፤ ልጆቹን በክር እንደሚያወርድ ወደ ታች ይለቃል፤ ለድመትም ለውሻም መርዛማ አይደለም። ብዙ ካኘከችው ሆዷን ሊረብሻት ቢችልም ከዚያ አያልፍም። ቦስተን ፈርንና ሆያም ደህና ከሚባሉት ውስጥ ናቸው።

ዛሬ ማታ ሁለት ነገር ብታደርጉ ጽሑፋችን ግቡን መትቷል። አንደኛ፣ ቤታችሁ ውስጥ ያሉትን ተክሎች አንድ በአንድ በስም ለዩ፤ ስሙን የማታውቁት ካለ ፎቶ አንስታችሁ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ሁለተኛ፣ በአቅራቢያችሁ ያለውን የእንስሳት ሐኪም ስልክ ቁጥር ፍሪጁ ላይ ለጥፉ። ተክሉን መጣል ግዴታ አይደለም፤ ቦታውን ማወቅ ግን ግዴታችን ነው። ድመቷም፣ ሕፃኑም፣ ሐረጉም በእጃችን ያሉ አማናዎች ናቸውና።

ወላሁ አዕለም።